ሰዓቱን ጻፉ

የሕግ ዓምድ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር የደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ እምነት፣ ስለ ንግግር ነፃነትና ስለ እስር ናቸው። ሁሉም የሚነሡት ከአንድ ሰነድ ነው፤ ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. ከጸደቀውና በዚያው ዓመት ነሐሴ 15 ቀን በሥራ ላይ ከዋለው ሕገ መንግሥት። ከ106ቱ አንቀጾች ከ13 እስከ 44 ያሉት የመብት አንቀጾች ናቸው። ብዙ ሰው እነዚህን ቁጥሮች በቃሉ ያውቃቸዋል። ጣቢያ በር ላይ ቆሞ «አንቀጽ 19!» ማለት ግን በር አያስከፍትም። ጉዳዩን የሚያንቀሳቅሰው ተራ የሚመስለው ነገር ነው፤ የተጻፈ ሰዓት፣ ገቢ የሆነ ደብዳቤ፣ በወቅቱ የቀረበ መቃወሚያ። መልሶቻችንም ወደዚያ ያደላሉ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ፌስቡክ ላይ በጻፈው ነገር ዓርብ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ተይዞ ጣቢያ ገባ። ሰኞ ጠዋት ስንሄድ መርማሪው «ቅዳሜና እሑድ አይቆጠርም» አለን። ፍርድ ቤት የቀረበው ማክሰኞ ነው። ሕጉ እንዲህ ይላል? (ከአዳማ)

መልስ፦ አይልም። አንቀጽ 19 ንዑስ አንቀጽ 3 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል። ከዚህ ላይ የማይቆጠረው ከተያዘበት ቦታ ፍርድ ቤት ለመድረስ የሚወስደው ተገቢ የጉዞ ጊዜ ብቻ ነው። ስለ ሰንበት፣ ስለ በዓል፣ ስለ ሥራ ሰዓት የተጻፈ ነገር የለም። ወንድምዎ የተያዘው አዳማ ከተማ ውስጥ ከሆነ የጉዞው ጊዜ ከግማሽ ሰዓት አይበልጥምና ገደቡ እሑድ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ አልቋል። ቅዳሜና እሑድ ተረኛ ችሎት ያለባቸው ፍርድ ቤቶች አሉ። በሌለበት ቦታ ችግሩ የፍርድ ቤቱ አደረጃጀት እንጂ የተያዘው ሰው ዕዳ አይደለም። በተግባር ግን «አይቆጠርም» የሚለው አባባል ከመደጋገሙ የተነሣ ሕግ እስኪመስል ድረስ ተለምዷል። ዓርብ ማታ መያዝ የሚበዛው ለምን እንደሆነ አንባቢ ራሱ ያስበው።

ቤተሰብ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የሚያደርገው ነገር ሁሉንም ይወስናል። ተይዞ የተወሰደበትን ሰዓትና ደቂቃ፣ ቦታውን፣ ያዩ ሰዎችን ስም፣ የመኪናውን ሰሌዳ ቁጥር፣ የጣቢያውንና የመርማሪውን ስም አንድ ወረቀት ላይ ጻፉ። ስንቅ ስታደርሱ ተረኛው መዝገቡ ላይ የተያዘበትን ቀን ስንት ብሎ እንደሞላ ጠይቁ። ዓርብ ማታ የተያዘ ሰው መዝገብ ላይ «ሰኞ» ተብሎ ሊገኝ ይችላል፤ ያን ጊዜ ከእናንተ ወረቀትና ከምስክሮቻችሁ ሌላ ማስረጃ የለም። በአንቀጽ 21 የትዳር ጓደኛ፣ የቅርብ ዘመድ፣ ጓደኛ፣ የሃይማኖት አባት፣ ሐኪምና ጠበቃ ሊጎበኙት ይችላሉ። ወንድማችሁ ደግሞ ያለመናገር መብት አለው፤ የሚሰጠው ቃል በማስረጃነት ሊቀርብበት እንደሚችልም ሊነገረው ይገባል። ተገድዶ የሰጠው የእምነት ቃል በማስረጃነት ተቀባይነት የለውም።

48ቱ ሰዓት አልፎ ሰውየው ካልቀረበ መንገዱ አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ ነው። መሠረቱ አንቀጽ 19 ንዑስ አንቀጽ 4 ሲሆን፣ አሠራሩ በ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከቁጥር 177 እስከ 179 ተጽፏል። የሚቀርበው ለከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው። ራሱ ታሳሪው ወይም በእሱ ስም ሌላ ሰው ማመልከት ይችላል። ከማመልከቻው ጋር ቃለ መሐላ ይያያዛል፤ በውስጡም የታሰረው ሰው ስም፣ በማን እጅ እንዳለ፣ የት ቦታና በምን ሁኔታ እንደተያዘ፣ ይህን ሊያስረዱ የሚችሉ ምስክሮች ስም ይጠቀሳል። ፍርድ ቤቱ ያሰረው ክፍል ታሳሪውን ይዞ እንዲቀርብና ምክንያቱን እንዲያስረዳ ያዛል። በቂ ሕጋዊ ምክንያት ካልቀረበ እንዲለቀቅ ያዛል።

አቤቱታው የሚወድቀው በሦስት ምክንያት ነው። አንደኛው ተጠሪን መሳት ነው። የክልል ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ ያለው ሰው በፌዴራል ፖሊስ የተያዘ ከሆነ፣ ወይም ተቃራኒው ከሆነ፣ የተጠራው መሥሪያ ቤት «እኛ ዘንድ የለም» ብሎ ይመልሳል፤ መዝገቡም ይዘጋል። ያሰረው ማን እንደሆነ ካልታወቀ ሁለቱንም በተጠሪነት ጥሩ። ሁለተኛው ስለ ጥፋተኝነት መከራከር ነው። «ወንድሜ የጻፈው ወንጀል አይደለም» የሚለው ክርክር እዚህ ቦታ የለውም። ጥያቄው አንድ ነው፦ ያለ ፍርድ ቤት ትዕዛዝ ታስሯል ወይስ አልታሰረም? ሦስተኛው መዘግየት ነው። ወንድምዎ ማክሰኞ ቀርቦ ዳኛው የምርመራ ቀጠሮ ከፈቀደ በኋላ አቤቱታው መሬት አይዝም፤ አሁን ያሰረው የፍርድ ቤት ትዕዛዝ ነውና።

ስለዚህ ለእርስዎ የቀረው መንገድ ሌላ ነው። ጠበቃው የዘገየበት ሰዓት ችሎቱ መዝገብ ላይ እንዲሰፍር ይጠይቅ። ፖሊስ የሚጠይቀው ተጨማሪ ጊዜ በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 59 መሠረት በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን መብለጥ አይችልም። ስንት ጊዜ ሊደጋገም እንደሚችል ግን ቁጥሩ ወሰን አላበጀለትም፤ ብዙ ሰው የሚጎዳውም እዚህ ላይ ነው። በየቀጠሮው መባል ያለበት «ባለፈው በተፈቀደው 14 ቀን ምን ተሠራ?» ነው። የጽሑፉ ቅጂ ተወስዶ፣ ስልኩ ተይዞ፣ ቃሉ ተቀብሎ ካለቀ ሰውየውን አስሮ የሚጣራ ነገር የለም። ዋስትና ከተከለከለ ይግባኙ በ20 ቀን ውስጥ መቅረብ አለበት። ይህች 20 ቀን «በሚቀጥለው ቀጠሮ ይፈቱታል» እየተባለ የምታልፍ ናት። ሆን ብሎ ከሕግ ውጭ ያሰረ የመንግሥት ሠራተኛን በተመለከተ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 423 እስከ 10 ዓመት የሚደርስ ጽኑ እስራት ያስቀምጣል። በዚህ አንቀጽ የሚቀርብ ክስ በጣም ጥቂት ነው፤ አቤቱታውን ጽፎ ማስገባት ግን መብታችሁ ነው።

ጥያቄ፦ የሰፈራችን የቴሌግራም ቡድን ውስጥ ነኝ። አንድ ሰው ስለ ሌላ እምነት ተከታዮች የሚያስቆጣ ነገር ለጠፈ። እኔ «ላይክ» አድርጌዋለሁ፤ ጓደኛዬ ደግሞ ወደ ሌላ ቡድን አስተላለፈው። የምንከሰስ ይመስልዎታል? የሃይማኖት ትምህርት ከሆነስ? (ከደሴ)

መልስ፦ የሚመለከታችሁ የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ነው። አዋጁ «ማሰራጨት» የሚለውን ሲተረጉም ላይክና ታግ ማድረግን አስወጥቷል። ስለዚህ በላይኩ ብቻ እርስዎ በአዋጁ «አሰራጭ» አይደሉም። ጓደኛዎ ግን ናቸው፤ ማስተላለፍ ማሰራጨት ነው። «እኔ አልጻፍኩትም» ማለት መከላከያ አይሆንም። «እዩ ምን እንደሚሉ» ብሎ ለማውገዝ ያስተላለፈ ሰው ውግዘቱን እዚያው ላይ መጻፍ አለበት። ያለ አንዳች ቃል የተላለፈ መልእክት ሐሳቡን አይናገርም፤ መርማሪም በጎውን አይገምትም።

ጥላቻ ንግግር የሚባለው በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በዘር፣ በፆታ ወይም በአካል ጉዳት ላይ ተመሥርቶ በሰው ወይም ተለይቶ በሚታወቅ ቡድን ላይ ሆን ብሎ ጥላቻን፣ አድልዎን ወይም ጥቃትን የሚያራምድ ንግግር ነው። «ሆን ብሎ» የምትለዋን ቃል አትለፏት፤ ዐቃቤ ሕግ ሊያስረዳት የሚገባ ናት። ቅጣቱ እስከ 2 ዓመት ቀላል እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጮ ነው። በንግግሩ ምክንያት ጥቃት ከተፈጸመ ከ1 እስከ 5 ዓመት ይሆናል። ሐሰተኛ መረጃ ሲሆን እስከ 1 ዓመት ወይም እስከ 50,000 ብር። ጥፋቱ የተፈጸመው ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ከሆነ እስራቱ እስከ 3 ዓመት፣ መቀጮው እስከ 100,000 ብር ይደርሳል። 5,001ኛው ተከታይ የገባበትን ቀን የሚያስታውስ ባለገጽ ስለሌለ፣ የተከታይ ብዛት የሚያሳይ ገጽ ያላቸው ሁሉ ይህን ቢያውቁት ጥሩ ነው።

በሐሰተኛ መረጃ በኩል አደገኛው ሐረግ መረጃው ሐሰት መሆኑን «ያወቀ» ብቻ ሳይሆን «ማወቅ ይገባው የነበረ» ሰውንም መያዙ ነው። ከየት እንዳገኛችሁትና ለማጣራት ምን እንዳደረጋችሁ የሚያሳይ ነገር አስቀምጡ። ለማጣራት ለአንድ ሰው ስልክ መደወላችሁ እንኳ ይቆጠራል።

የሃይማኖት ትምህርት፣ የምርምር ሥራ፣ ዜናና ፖለቲካዊ ትችት፣ የጥበብ ሥራ በአዋጁ ከጥላቻ ንግግር ውጭ ተደርገዋል። «የእኛ መንገድ ነው የሚያድነው፤ የእነሱ ስሕተት ነው» ማለት የሃይማኖት ትምህርት ነው፤ ሌላውን ቢያሳዝንም። ሰዎቹ ከሰፈር እንዲወጡ፣ ሱቃቸው እንዲዘጋ፣ እንዲመቱ ከተነገረ ግን ስብከት መባሉ አያድነውም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 29 ንዑስ አንቀጽ 6 ሐሳብን የመግለጽ ነፃነት በሐሳቡ ይዘትና ሊያስከትል በሚችለው ውጤት ምክንያት ሊገደብ አይችልም ይላል። እዚያው ውስጥ ደግሞ የወጣቶችን ደኅንነት፣ የሰውን ክብርና መልካም ስም ለመጠበቅ የሚወጡ ሕጎችን ይፈቅዳል፤ የጦርነት ቅስቀሳንና ሰብአዊ ክብርን የሚነኩ የአደባባይ መግለጫዎችን ይከለክላል። ጠበቆችና ዐቃቤ ሕጎች የሚከራከሩት በእነዚህ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች መካከል ባለው ጠባብ መሬት ላይ ነው።

ጥያቄ፦ የመንደራችን ነዋሪዎች ስለ ውኃ ችግር ሰላማዊ ሰልፍ ለመውጣት ፈልገን የከተማው አስተዳደር «ፈቃድ የላችሁም» አለን። ፈቃድ የሚሰጠው ማነው? (ከጎንደር)

መልስ፦ ፈቃድ ሰጪ የለም። አንቀጽ 30 መሣሪያ ሳይዙ በሰላም የመሰብሰብና ሰልፍ የመውጣት መብትን ያረጋግጣል፤ ሥርዓቱን የሚዘረዝረው አዋጅ ቁጥር 3/1983 ነው። አዋጁ የሚጠይቀው ማሳወቅን ነው። «ዕውቅና የሌለው ሰልፍ» የሚለው በዜና የምንሰማው አነጋገር ይህን ልዩነት አደብዝዞታል።

ማሳወቂያው በጽሑፍ ሆኖ ሰልፉ ከመካሄዱ ከ48 ሰዓት በፊት ለከንቲባው ጽሕፈት ቤት ይገባል፤ ከከተማ ውጭ ከሆነ ለወረዳው አስተዳደር። የሰልፉን ዓላማ፣ ቦታውንና የሚያልፍበትን መንገድ፣ ቀኑንና ሰዓቱን፣ ከመንግሥት የሚፈለገውን ርዳታ፣ የአዘጋጆቹን ስም፣ አድራሻና ፊርማ መያዝ አለበት። አስተዳደሩ ቦታው ወይም ጊዜው እንዲለወጥ ከፈለገ ምክንያቱን ጠቅሶ ማሳወቂያው በደረሰው በ12 ሰዓት ውስጥ በጽሑፍ መግለጽ ይጠበቅበታል። በየትኛውም ቦታና ጊዜ አይደረግም ማለት አይችልም።

መንገዱን ስትነድፉ ሜትር ይዛችሁ ውጡ። ከኤምባሲና ከዓለም አቀፍ ድርጅት፣ ከቤተ ክርስቲያን፣ ከመስጊድ፣ ከሆስፒታልና ከመካነ መቃብር 100 ሜትር፤ ከጦር ሠራዊትና ከጸጥታ ተቋማት 500 ሜትር መራቅ ግድ ነው። ጎንደርን በመሰለ ቤተ ክርስቲያን በበዛበት ከተማ 100 ሜትሯ ብቻ ግማሹን መንገድ ትዘጋለች። አስተዳደሩም ሕጋዊ ምክንያት የሚያገኘው እዚህ ነው።

ሁለት ቅጂ አዘጋጁ። አንዱ መዝገብ ቤት ገብቶ ሁለተኛው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ይረፍበት። ሰዓቱንም በእጅ አጽፉ፤ 48ቱም 12ቱም የሚቆጠሩት ከዚያ ነውና። መዝገብ ቤቱ «አንቀበልም» ካለ በአደራ ደብዳቤ በፖስታ ላኩትና ደረሰኙን ያዙ፤ ሁለት ሰዎችም አለመቀበሉን ያዩበትን ቃል ጽፈው ይፈርሙ። በቃል የተሰጠ ክልከላን ይዞ ፍርድ ቤት መሄድ ጭስ መጨበጥ ነው።

ፍርድ ቤት ያስፈጽምልናል ብላችሁ ግን በእርግጠኝነት አትውጡ። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትሩ በአዲስ አበባና በአካባቢዋ ሰልፍ ለአንድ ወር ሲከለክሉ፣ ተቃዋሚው ቅንጅት ለአንድነትና ለዴሞክራሲ ክልከላውን በፍርድ ቤት ተቃወመ። ጉዳዩ ወደ ሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ተመርቶ፣ ጉባኤው ክልከላው ሕገ መንግሥቱን አይቃረንም አለ። በእኛ አስተያየት ደካማ ምክንያት ያለው ውሳኔ ነው፤ እስካሁንም ጥላው አልተነሣም።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ካረፈ በኋላ ወንድሞቹ የውርስ ጉዳይ በሸሪዓ ፍርድ ቤት ከፍተውብኝ መጥሪያ ደረሰኝ። እኔ ሙስሊም ነኝ፤ ጉዳዬ ግን በመደበኛ ፍርድ ቤት እንዲታይ እፈልጋለሁ። ዝም ብል ይሻላል? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እህታችን፣ ዝም እንዳይሉ! ይህ ደብዳቤ በዚህ ወር ከደረሱን ሁሉ አስቸኳዩ ነው።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 የግልና የቤተሰብ ጉዳይ በሃይማኖት ሕግ እንዲታይ የሚፈቅደው ተከራካሪዎቹ ፈቃደኛ ሲሆኑ ነው። የፌዴራል የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 188/1992ም ይህንኑ ይደግማል፤ ግልጽ ፈቃድ ከሌለ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን ሥልጣን ላለው መደበኛ ፍርድ ቤት መምራት አለበት። ወጥመዱ ያለው ቀጥሎ ነው። መጥሪያ ደርሶት ያልቀረበ ተከሳሽ በሸሪዓ ፍርድ ቤቱ ለመዳኘት እንደተስማማ ተቆጥሮ ጉዳዩ በሌለበት ይታያል። «ካልሄድኩ አልተቀበልኳቸውም ማለት ነው» ብለው ቤት የሚቀመጡ ሴቶች የሚሸነፉት በዚህ ነው። ቤት መቀመጣቸው በሕጉ ፊት እሺታ ሆኖ ይነበባል።

በመጥሪያው ቀን ይቅረቡ። ስለ ውርሱ ድርሻ፣ ስለ ቤቱ፣ ስለ ጋብቻው አንድም መልስ ከመስጠትዎ በፊት «በዚህ ፍርድ ቤት ለመዳኘት ፈቃደኛ አይደለሁም፤ ጉዳዩ ሥልጣን ላለው መደበኛ ፍርድ ቤት ይምራልኝ» የሚል በጽሑፍ የተዘጋጀ መቃወሚያ ያስገቡ። ቅጂው ላይ ማኅተም ያስደርጉ። በቃልም ይድገሙትና መዝገቡ ላይ መጻፉን ያረጋግጡ። ዳኛው በትሕትና «እስቲ ሐሳብሽን እንስማ» ቢሉዎት እንኳ ከዚህ ነጥብ አይውጡ፤ ወደ ዋናው ነገር ገብተው መከራከር ከጀመሩ እንደተስማሙ ሊታይብዎት ይችላል። እንዲህ ማድረግ ሃይማኖትን መካድ አይደለም፤ ማንም እንዲህ ቢልዎት ምርጫውን የሰጠዎት ሕጉ ራሱ ነው።

መቃወሚያዎ ቢታለፍም መንገዱ አያልቅም። ከአዲስ አበባ በቀረበ የውርስ ጉዳይ ሴት ተከራካሪዋ ገና ከመጀመሪያው የሸሪዓውን ሥልጣን ተቃውማ እያለ እስከ ሰበር ድረስ ተፈረደባት። ሕገ መንግሥቱን የሚተረጉመው የፌዴሬሽን ምክር ቤት በ1996 ዓ.ም. ፈቃዷ ስላልነበረበት ውሳኔውን ሻረው። ያዳናት በመጀመሪያው ቀን ያቀረበችው ተቃውሞ መዝገብ ላይ መገኘቱ ነው።

ጥያቄ፦ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ፖሊስ ቤታችንን ሊበረብር መጣ። መከልከል እንችል ነበር? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ መጀመሪያ የብርበራ ማዘዣውን ጠይቁ። በ1954ቱ ሕግ ቁጥር 33 መሠረት ብርበራ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ይደረጋል፤ ፍርድ ቤቱ በግልጽ ሌላ ካላዘዘ በቀር። ማዘዣው ላይ የሌሊት ፈቃድ መኖሩን አንብቡ። ያለ ማዘዣ መግባት የሚቻለው እጅ ከፍንጅ ጥፋት ፈጽሞ ሲሸሽ የሚሳደድ ሰው ከገባ፣ ወይም ከ3 ዓመት በላይ የሚያስቀጣ ወንጀል ማስረጃ ቤቱ ውስጥ መደበቁና ማዘዣ እስኪወጣ እንደሚሸሽ በቂ ጥርጣሬ ካለ ነው። ፖሊስ የሚፈልገው ማዘዣው ላይ የተጠቀሰውን ነገር ብቻ ሲሆን የተገኘው በሁለት ቅጂ ይመዘገባል፤ በተቻለ መጠንም ገለልተኛ ሰው አይቶ ይፈርምበታል። ጎረቤት ጥሩ። ሴትን የምትፈትሽ ሴት ናት።

በጉልበት አትከልክሉ። ተቃውሟችሁን ተናገሩ፤ ዝርዝሩ ላይ ስትፈርሙ «ማዘዣ አልታየም፤ ሰዓቱ 6፡10» ብላችሁ ጻፉበት። ያልተሟላ ዝርዝር ላይ አትፈርሙ፤ በተለይ ስልክና ላፕቶፕ ሲወሰድ ዓይነቱና መለያ ቁጥሩ ካልተጻፈ።

ጥያቄ፦ የሰንበት አክባሪ ነኝ፤ ቅዳሜ አልሠራም። የፋብሪካው አለቃ «እሑድ ነው የዕረፍት ቀን» ብሎ ሊያሰናብተኝ ነው። (ከሻሸመኔ)

መልስ፦ በሃይማኖት ምክንያት ሠራተኛን ማሰናበት በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 26 ተከልክሏል። አለቃዎ ግን «ያሰናበትኩት በእምነቱ ሳይሆን ከሥራ በመቅረቱ ነው» ይላል፤ ክርክሩም እዚያ ላይ ይሆናል። ስለዚህ ቅዳሜ ሳይሄዱ ከመቅረትዎ በፊት ይጻፉ። ሕጉ የሳምንት ዕረፍት ከ24 ተከታታይ ሰዓት እንዳያንስና በተቻለ መጠን እሑድ እንዲሆን ይላል፤ በኅብረት ስምምነት ግን ሌላ ቀን ሊወሰን ይችላል። የሠራተኛ ማኅበራችሁን መሪ በሩን ያንኳኩት። ደብዳቤዎ ላይ መፍትሔም ይኑር፦ እሑድ ልግባ፣ ከእገሌ ጋር ፈረቃ እንቀያየር፣ ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ልጨርሰው። ከተሰናበቱ ወደ ሥራ የመመለስ ክስ በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበ ይቀራል። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ለጁምዓ ሶላት ሲባል ዓርብ ከ5፡30 እስከ 7፡30 ረዘም ያለ ዕረፍት መስጠታቸውን በምሳሌነት ቢጠቅሱ አይጎዳም።

ጥያቄ፦ አሜሪካ ቨርጂኒያ ውስጥ መጋዘን ውስጥ እሠራለሁ። ለገና ዕረፍት ብጠይቅ ሱፐርቫይዘሬ «ገና አልፏል» ብሎ ሳቀብኝ። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት የመጀመሪያው ማሻሻያ አይጠብቀኝም? (ከአሌክሳንድሪያ)

መልስ፦ የእምነትና የንግግር ነፃነትን የሚደነግገው የመጀመሪያው ማሻሻያ የሚያስረው መንግሥትን ነው፤ የግል ኩባንያን አይደለም። እርስዎን የሚጠብቅዎት የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ምዕራፍ ሰባት ነው፤ እዚያ ታይትል ሰቨን ይሉታል። 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው አሠሪ፣ ከባድ ጫና ካላስከተለበት በቀር፣ የሠራተኛውን የሃይማኖት ሥርዓት እንዲያስተናግድ ይገደዳል። «ጫና» የሚባለው ከ1977 ጀምሮ በተግባር ትንሽ ወጪ እንኳ ይበቃው ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጁን 29 ቀን 2023 እሑድ አልሠራም ባለ የፖስታ ሠራተኛ ጉዳይ፣ ግሮፍ ከዲጆይ በሚባለው ክስ፣ አሠሪው ከሥራው ስፋት አንጻር ከፍተኛ የሆነ ተጨማሪ ወጪ እንደሚደርስበት ማሳየት አለበት ብሎ መስፈሪያውን ከፍ አደረገ። የሥራ ጓደኞች ማጉረምረም ወይም ለእምነቱ ያላቸው ጥላቻ እንደ ጫና አይቆጠርም።

ለሱፐርቫይዘሩ ሳይሆን ለሰው ኃይል ክፍሉ በኢሜይል ይጻፉ፤ «በሃይማኖቴ ምክንያት» የሚለው ቃል ይኑርበት። የዓመቱን በዓላት በእነሱ አቆጣጠር ዘርዝረው በአንድ ጊዜ ይስጡ፦ ገና ጃንዋሪ 7፤ ጥምቀት ጃንዋሪ 19፣ በአራት ዓመት አንዴ ግን 20፤ ፋሲካ በየዓመቱ ስለሚለዋወጥ የዚያን ዓመት ቀን አስልተው። አለቆች የሚበሳጩት በዋዜማው ሲነገራቸው ነው። ፈረቃ የሚቀይርልዎ ሰው ካለ ስሙን ይጨምሩ። ከተከለከሉ ወይም ከተቀጡ ለእኩል የሥራ ዕድል ኮሚሽን አቤት የሚባለው በ180 ቀን ውስጥ ነው፤ የራሱ ተመሳሳይ ተቋም ባለው ስቴት 300 ቀን ይደርሳል። 180ን ገደብዎ ያድርጉት።

ጥያቄ፦ ትምህርት ቤቱ ልጄን «ማተብሽን ፍቺ» አላት። የጎረቤቴን ልጅ ደግሞ ሒጃቧን። (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ሁለታችሁም አንድ ላይ ሂዱ፤ አብሮ የቀረበ አቤቱታ «የአንድ ሃይማኖት ጥያቄ ነው» ተብሎ አይገፋም። አንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ሆኖ ይሰጥ ይላል። ይህ የሚያስረው ትምህርቱንና ሰጪውን ነው፤ የተማሪዋን አንገት ወይም ፀጉር ነው ብሎ መተርጎም በእኛ እምነት ከቃሉ መራቅ ነው። አንቀጽ 27 ንዑስ አንቀጽ 5 ደግሞ እምነትን መግለጽ የሚገደበው በሕግ ሲደነገግና ለሕዝብ ደኅንነት፣ ለሰላም፣ ለጤና፣ ለትምህርት፣ ለሞራል ወይም ለሌሎች መብት አስፈላጊ ሲሆን እንደሆነ ይናገራል። ከዳይሬክተሩ ክልከላው የተመሠረተበትን ደንብ በጽሑፍ ጠይቁ። ከዚያ የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት፣ ቀጥሎ የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት። የምዝገባ ወይም የፈተና ቀን ከደረሰ ግን ደረጃ በደረጃ መጠበቁን ትታችሁ ፍርድ ቤት እግድ ጠይቁ። በ2017 ዓ.ም. በአክሱም በሒጃብ ምክንያት ተማሪዎች ከትምህርት ሲስተጓጎሉ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ቀርቦ ክልከላው በጊዜያዊነት ታግዷል።

ጥያቄ፦ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ ከእነዚህ ሁሉ የሚተርፈው የቱ ነው? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ አንቀጽ 93 እንዳይነኩ ያላቸው ጥቂት ናቸው፦ አንቀጽ 1 (የመንግሥቱ ስያሜ)፣ 18 (ኢሰብአዊ አያያዝ መከልከሉ)፣ 25 (እኩልነት) እና 39 ንዑስ አንቀጽ 1 እና 2 (የብሔሮች ራስን በራስ የመወሰን፣ የቋንቋና የባህል መብት)። የእምነት ነፃነት ከዝርዝሩ ውስጥ የለም። ኢትዮጵያ በ1985 ዓ.ም. የተቀበለችው ዓለም አቀፉ የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን ግን በአንቀጽ 4 የእምነት ነፃነት በአስቸኳይ ጊዜም እንደማይታገድ ይናገራል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 13 የመብት ድንጋጌዎች ከእንዲህ ያሉ ዓለም አቀፍ ስምምነቶች ጋር በተጣጣመ መንገድ ይተርጎሙ ስለሚል ጠበቃ የሚይዘው ክርክር ይህ ነው።

ለታሳሪ ቤተሰብ የሚጠቅመው ብዙ ሰው የማያነበው የአንቀጽ 93 ንዑስ አንቀጽ 6 ነው። በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሚቋቋመው ሰባት አባላት ያሉት መርማሪ ቦርድ በአዋጁ ምክንያት የታሰሩትን ሁሉ ስምና የታሰሩበትን ምክንያት በአንድ ወር ውስጥ ይፋ የማድረግ ግዴታ አለበት። ስሙ ከዝርዝሩ ከጎደለ ለቦርዱ በጽሑፍ አመልክቱ፤ ቅጂውን ለኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ስጡ። ደብዳቤው ላይ የተያዘበት ቀንና ሰዓት፣ መጨረሻ የታየበት ቦታ፣ ስንቅ የተቀበላችሁ ወይም የመለሰባችሁ ጣቢያ ስም ይኑር።